የባልና ሚስት መቃብር ያለበትን የድሮ የመዳብ ኅትመት እንዴት እንመርምር?

ከአሮጌ መጻሕፍት ቤት፣ ከእሑድ ገበያ ወይም ከአንድ ቤተሰብ የዕቃ ሽያጭ ላይ አንድ ነጠላ ወረቀት እጃችሁ ገባ እንበል። ጠርዙ ቢጫ ብሏል። ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ መቃብር ነው፤ ከድንጋይ የተጠረቡ ባልና ሚስት ጎን ለጎን በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ከእሱ እግር ሥር አንበሳ ከእሷ እግር ሥር ትንሽ ውሻ አለ። ከታች ደግሞ በላቲን የተጻፈ ሁለት ሦስት መስመር። ሰዎቹ እነማን ናቸው? ወረቀቱስ በእርግጥ አሮጌ ነው?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት አራት ዕድሜ አለው፦ ሰዎቹ የሞቱበት ዘመን፣ መቃብሩ የተሠራበት ዘመን፣ ሥዕሉ ለማተሚያ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸበት ዘመን፣ በመጨረሻም ይህ በእጃችሁ ያለው ቅጠል ከማተሚያው የወጣበት ዘመን። ሻጮች አራቱን ማደባለቅ ይወዳሉ፤ ሟቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ከሆነ ወረቀቱንም «የ14ኛው ክፍለ ዘመን» ብለው ዋጋ ይጠሩበታል። የእኛ ሥራ አራቱን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደ ማሳያ አንድ የታወቀ ኅትመት ይዘን እንሂድ። የላንካስተሩ መስፍን ጆን ኦቭ ጎንት ሦስት ሚስት አግብቷል፤ የመጀመሪያዋ ብላንሽ በ1368 ሞተች። በ1370ዎቹ የዘመኑ ስመ ጥር ግንበኛ ሄንሪ ዬቭል ለሁለቱም የሚሆን የአልባስጥሮስ መቃብር በለንደን በአሮጌው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፣ ከዋናው መንበር አጠገብ ሠራ። ጎንት በ1399 ሲሞት፣ ከሦስቱ ሚስቶቹ ከመጀመሪያዋ ጎን እንዲቀበር ተናዞ ስለነበር እዚያው ገባ። ዊልያም ደግዴል የተባለው የታሪክና የዓርማ ሊቅ የካቴድራሉን ታሪክ በ1658 ሲያሳትም፣ ሥዕሎቹን የሠራለት ፕራግ ተወልዶ ለንደን የኖረው ቬንሴስላስ ሆላር ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1666፣ ታላቁ የለንደን እሳት ካቴድራሉን ከነመቃብሩ በላው። ዛሬ ያንን መቃብር በዓይናችን የምናየው በዋናነት በሆላር ሥዕል ነው።

1. ዕቃ አዘጋጁ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ እርሳስና ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሰማያዊ መብራት ብታገኙ ደግሞ ጥሩ። እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አይኑር፤ ሻይም ቡናም አይኑር። እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ወረቀት ይቀደዳል።

ኅትመቱ ፍሬም ውስጥ ከሆነና ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀ ከመሰላችሁ አትጎትቱት። እንዲያ ያለውን ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ተዉት።

2. መስመሩን አንብቡ

ባትሪውን ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ምንም ያህል ሳይቀረው አብሩ። በሥዕሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን የሆነ ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ይታያችኋል? ይህ የሰሌዳው አሻራ ነው። የመዳብ ኅትመት የሚሠራው ቀለም በሰሌዳው ቦዮች ውስጥ ብቻ እንዲቀር ላዩን ጠርጎ፣ እርጥብ ወረቀት አልብሶ፣ በሁለት ጥቅል ብረቶች መካከል በኃይል በመጭመቅ ነው። ወረቀቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቁሩ መስመር ከወረቀቱ በላይ በትንሹ ከፍ ብሎ ይቆማል። በጎን ብርሃን ሲያዩት ወፈር ባሉት ጥላዎች ላይ ይህ ከፍታ ይለያል። አሻራው ስለጠፋ ብቻ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ የድሮ ሰብሳቢዎች ኅትመቶቻቸውን እስከ ጠርዙ ድረስ የመከርከም ልማድ ነበራቸው።

አሁን መነጽሩን አንሡና አንዱን ነጠላ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ። በእጅ ብረት የተቀረጸ ከሆነ ቀጥኖ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ይወፍራል፣ እንደገና ሾሎ ያልቃል፤ ቀራጩ ብረቱን ሲገፋ ያሳረፈው ኃይል በመስመሩ ውስጥ ይታያል። በአሲድ የተበላ ከሆነ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው፣ ጫፉ ድፍን ነው፣ አካሄዱም እንደ እስክሪብቶ ጽሑፍ ነፃ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰሌዳው በሰም ይሸፈናል፣ ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ ይጭራል፣ አሲዱ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላል። ሆላር የዚህኛው ባለሙያ ነበር፤ ስለዚህ «የሆላር» ተብሎ የቀረበላችሁ ሥዕል መስመሩ ሁሉ የሚያብጥና የሚሾል ከሆነ መጠራጠር ጀምሩ። አንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱም መገኘታቸው ግን የተለመደ ነው፤ ሥዕሉ በአሲድ ተሠርቶ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በብረት ሊቀረጽ ይችላል።

መስመር ሳይሆን ተራ ይዘው የተደረደሩ ነጥቦች ካያችሁ በፎቶግራፍ ዘዴ የታተመ ዘመናዊ ቅጂ ነው፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። የሰሌዳ አሻራ ከሌለና ጥቁሩ መስመር ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ ወረቀቱን ወደ ውስጥ የተጫነው ከሆነ ደግሞ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ይሆናል። በ1868 ስለ መቅደላ ዘመቻ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጦች ያወጧቸው ሥዕሎች በዚህ ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የጋዜጣ ጽሑፍ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ከ1820ዎቹ ወዲህ የመጣው የብረት ሰሌዳ መስመሩ በጣም ቀጭንና ሥርዓት የያዘ፣ መልኩም ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። ብረት እንደ መዳብ ቶሎ ስለማያልቅ ብዙ ቅጂ ታትሞበታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

አንድ ወጥመድ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተሠሩ አንዳንድ ቅጂዎች ከፎቶግራፍ ወደ መዳብ ስለተገለበጡ የሰሌዳ አሻራ አላቸው። እነሱን የሚያጋልጣቸው በመነጽር ሲታዩ በጥላው ቦታ ላይ የሚገኘው እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ብትን ነው።

3. ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሡት

ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ መስኮት አንሡት፤ ወይም ነጭ ስክሪን የበራበት ታብሌት ላይ ሳትጫኑት አኑሩት። በግምት 2.5 ሳንቲሜትር እየተራራቁ የሚሄዱ መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ጥቅጥቅ ያሉ ስስ መስመሮች ካያችሁ፣ ወረቀቱ የተሠራው የሽቦ ወንፊት ባለው የእጅ ቅርጽ ላይ ነው። በ1658 የታተመ ነገር እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ መሆን አለበት። መስመር የሌለው፣ እኩል ደመና የሚመስለው ወረቀት መጽሐፍ ላይ የታየው ከ1757 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የታተመ ነው የተባለ ሥዕል እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከተገኘ ውሸት ነው ወይም የኋላ እትም ነው። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ባለ መስመሩ ወረቀት ዛሬም ይመረታል።

የውኃ ምልክትም ፈልጉ። ብር ላይ እንደምናውቀው ሁሉ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ብቻ የሚታይ የወረቀት ሠሪው ምልክት ነው። ከ1794 በኋላ ብዙ የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ዓመተ ምሕረት ጨምረውበታል። «1816» የሚል ቁጥር ካያችሁ ሥዕሉ ከዚያ ዓመት በፊት አልታተመም፤ ክርክሩ አለቀ።

ሰማያዊው መብራት ያላችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞክሩት። ወረቀቱ እንደ ታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ ብሎ ካበራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎች የሚጨምሩት የማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። አሮጌ ወረቀት ደብዘዝ ይላል።

ቡናማ ነጠብጣብ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም፤ እርጥበት ያገኘው የአርባ ዓመት ወረቀትም ያወጣዋል። በሻይ ነክሮ ማስረጀትም ያለ ነገር ነው። የተነከረ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናል፤ በተፈጥሮው ያረጀው ግን ብርሃንና አየር ያገኘው ጠርዙ ይበልጥ ይጠቁራል።

በማሳያችን ላይ ይህ እርምጃ ወሳኝ ነው። የደግዴል መጽሐፍ በ1716 እንደገና ሲታተም የሆላር ሰሌዳዎች እንደገና ሥራ ላይ ውለዋል። በ1818 እትም ግን ሥዕሎቹ በሌላ ሰው እጅ በአዲስ ሰሌዳ ተቀርጸዋል። እንግዲህ «የጆን ኦቭ ጎንት መቃብር፣ የሆላር» የተባለ ወረቀት ከሦስቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለመለየት ጥላውን ማየት ነው፤ መዳብ በታተመበት ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በኋላኛው ላይ ጥቅጥቅ ያሉት ስስ መስመሮች ይደበዝዛሉ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ጨለማ ይሳሳል።

4. ከሥዕሉ ሥር ያሉ ትንንሽ ጽሑፎች

ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ በታች በግራና በቀኝ ሁለት ስሞች ይኖራሉ። ከስሙ በኋላ «ዴሊኒያቪት» ወይም አጭሩ «ዴል» ካለ ሰውየው ሥዕሉን በወረቀት የነደፈው ነው። «ስኩልፕሲት» ወይም «ስኩልፕ» ካለ ሰሌዳውን የቀረጸው ነው። «ፌሲት» ማለት ሠራው ማለት ሲሆን በአሲድ የሚሠሩ ሠዓሊዎች ይወዱታል፤ ሆላርም ብዙ ጊዜ የሚፈርመው በዚህ ነው። «ኤክስኩዲት» ያለበት ስም የአሳታሚው ነው፤ ሰሌዳውን ገዝቶ የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን የሚያስገባ አሳታሚም ነበር።

ስሙን አይታችሁ ወዲያው «የእሱ እጅ ነው» አትበሉ። ባለቅኔውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክ ከ1772 ጀምሮ ለሰባት ዓመት የቀራጩ ጄምስ ባዚር ተለማማጅ ሳለ የእንግሊዝ ነገሥታት ወደሚቀበሩበት የለንደን ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ዌስትሚንስተር አቢ፣ እየተላከ መቃብሮቹን ይነድፍ ነበር። በኅትመቱ ላይ የሚወጣው ግን የጌታው ስም ነው።

«በአዋጁ መሠረት ታተመ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መስመርና ቀን ካለ ዕድለኛ ናችሁ፤ የ1735ቱ የእንግሊዝ የቅርጽ መብት ሕግ ይህን ስለሚጠይቅ የሰሌዳው ዕድሜ በግልጽ ተጽፎላችኋል ማለት ነው። በ1658ቱ ዓይነት ሥራ ላይ ይህ አይገኝም።

5. ጋሻዎቹን ፍቱ

በእኔ እምነት ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። የሰው ፊት በእንዲህ ያሉ መቃብሮች ላይ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ቀራጮቹ መልክ ለማስመሰል አልደከሙም። ስሙን የሚነግራችሁ ጋሻው ነው።

በመቃብሩ ሣጥን ጎን ላይ የተደረደሩትን ጋሻዎች በመነጽር እዩ። አንዱ ጋሻ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ የባልና ሚስት ጋሻ ነው፦ በእናንተ በተመልካቾቹ በኩል ግራው የባል፣ ቀኙ የሚስት አባት ዓርማ። ይህን ካወቃችሁ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ያዛችሁ። የጎንት ዓርማ አራት ቦታ የተከፈለ ነው፤ የፈረንሳይ አበቦችና የእንግሊዝ ሦስት አንበሶች እየተፈራረቁ፣ ከላይ ደግሞ ሦስት ተንጠልጣይ ያለው አግዳሚ ዘርፍ። ዘርፉ የንጉሥ ልጅ እንጂ ንጉሡ ራሱ አለመሆኑን ይናገራል። የብላንሽ አባት ዓርማም ሦስቱ የእንግሊዝ አንበሶች ናቸው፤ የእሱ ዘርፍ ላይ ግን የፈረንሳይ አበባዎች አሉበት። አንበሳ ሲያይ የይሁዳ አንበሳ ትዝ የሚለው አንባቢ አይሳሳት፤ እዚህ ግማሹ መኳንንት አንበሳ አለው፣ ልዩነቱ በቁጥሩ፣ በአቋቋሙና በቀለሙ ነው።

ጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ቀለም ከየት ይመጣል? ከጭረቶቹ። በ1630ዎቹ ፔትራ ሳንክታ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን ያስፋፋው ዘዴ አለ፤ ቀጥ ብለው የሚወርዱ መስመሮች ቀይ፣ አግዳሚዎቹ ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ ወርቅ፣ ባዶ ብር። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚያዘሙት አረንጓዴ፣ ቁምና አግድም ተጣልፈው ጥቁር። ስለዚህ ነጠብጣብ መደብ ላይ አንበሳ ካያችሁ የወርቅ ጋሻ ነው ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ከዚህ ዘመን በፊት የተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ግን ጭረቱ ጥላ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቀለም አድርጋችሁ አታንብቡት።

ሁለት ጥንቃቄ። የመጀመሪያው፦ በሥዕሉ ጥግ ወይም ከሥር፣ ከመቃብሩ ውጭ የቆመው ጋሻ ብዙ ጊዜ የሟቾቹ አይደለም። ደግዴል ለሰሌዳዎቹ የሚከፍሉ ባላባቶች ፈልጎ ነበር፤ የከፈለው ሰው ስምና ዓርማ በሰሌዳው ላይ ይወጣል። ከፋዩን ከሟቹ ጋር ያምታታ ብዙ ነው። ሁለተኛው፦ ጋሻ ላይ ያሉ አራዊት በተለምዶ ወደ ተመልካቹ ግራ ነው የሚሄዱት፤ ሰይፍም ከሰውየው ግራ ወገብ ነው የሚንጠለጠለው። አንበሶቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ካዩና ሰይፉ በቀኝ ከሆነ፣ ሥዕሉ ከሌላ ኅትመት ላይ ተገልብጦ የተቀዳ ነው። ቀጂው ያየውን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ሲጭር ሲታተም ይገለበጥበታል፤ ጽሑፉን አስተካክሎ ሥዕሉን እንዳለ የሚተውም አለ።

6. ልብሱ፣ አራዊቱ፣ ልጆቹ

በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን የግራናይት መቃብር ያየ ሰው፣ ላዩ ላይ የተኛ የሰው ምስል አላየም። በምዕራብ አውሮፓ ግን ምስሉ ዋናው ነገር ነው፤ ዘመኑንም ይነግራል። ጭንቅላቱ ላይ ሾጠጥ ያለ የብረት ቆብ፣ ከሥሩ ትከሻ ላይ የሚወርድ የሰንሰለት ጥሩር ካለ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ከእግር እስከ ራስ በብረት ሳህን ከታሸገ ወደ 15ኛው ሄዳችኋል። አንገት ላይ የተሸበሸበ ክብ ነጭ ኮሌታ ከመጣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመንና ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ባልና ሚስቱ መተኛት ትተው የጸሎት አትሮንስ መሐላቸው አድርገው ፊት ለፊት መንበርከክ ይጀምራሉ። ከሥራቸው ወንዶች ልጆች ከአባት ኋላ፣ ሴቶች ከእናት ኋላ ይደረደራሉ፤ የራስ ቅል የያዘው ልጅ ከወላጆቹ በፊት የሞተው ነው። ልጆቹን ቁጠሩ፤ የቤተሰብ መዝገብ ስትፈትሹ ትክክለኛውን ቤት ለመለየት ይጠቅማችኋል።

የፊደል ኤስ ቅርጽ እየተደጋገመ የተሰካበት የአንገት ሐብል ካያችሁ የላንካስተር ወገን ምልክት ነው። እግሩን ያጣመረ ባላባት የመስቀል ጦርነት ዘማች ነው የሚለው ግን ተረት ነው፤ የአቀራረጽ ፋሽን ነበር። በእመቤቲቱ እግር ሥር ያለው ውሻ አንዳንዴ የእውነተኛ ውሻዋ ምስል ነው። በእንግሊዝ አገር በዲርኸርስት ቤተ ክርስቲያን፣ በ1400 አካባቢ በተሠራው የሰር ጆን ካሲና የሚስቱ የአሊስ የነሐስ መቃብር ላይ የውሻዋ ስም «ቴሪ» ተብሎ ተጽፏል።

7. ላቲኑንና ዓመቱን

ላቲን መማር አያስፈልጋችሁም። «ሂክ ያኬት» ካለ እዚህ ተኝቷል፣ «ኡክሶር» ሚስት፣ «ኦቢት» ሞተ ወይም ሞተች፣ «አኖ ዶሚኒ» በጌታ ዓመት ማለት ነው። እነዚህን አራቱን ካገኛችሁ በመካከላቸው ያለው ስምና ቁጥር ነው። ጸሐፊዎቹ ቃል ያሳጥራሉ፤ በፊደል ላይ ያለች ትንሽ ሰረዝ የተዘለለ «ም» ወይም «ን» ትጠቁማለች።

ዓመቱ ላይ ለእኛ እንግዳ ያልሆነ ችግር አለ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱ ዓመት በሕግ የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ፣ በፌብሯሪ ወይም ከማርች 25 በፊት የሞተ ሰው ድንጋዩ ላይ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊጻፍ ይችላል። ጎንት የሞተው ፌብሯሪ 3 ቀን ስለሆነ ዛሬ 1399 የምንለው በዚያ አቆጣጠር 1398 ነው። ሁለት መዝገብ በአንድ ዓመት ሲለያዩባችሁ ስሕተት ነው ከማለታችሁ በፊት ወሩን እዩ።

8. ከድንጋዩ ጋር አመሳክሩ

መቃብሩ ዛሬም ካለ ፎቶውን ፈልጋችሁ ከኅትመቱ ጋር አስተያዩ። የምትፈልጉት ተመሳሳይነትን አይደለም፤ ልዩነትን ነው። ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ሚስቱ አን በ1394 ስትሞት፣ በማግሥቱ ዓመት ለሁለቱም የሚሆን የነሐስ ምስል ሲያዝ ቀኝ እጆቻቸው የተያያዙ እንዲሆኑ በውሉ አስጽፏል። ዛሬ ዌስትሚንስተር ብትሄዱ እጆቹ የሉም፤ ተሰርቀዋል። በቺቸስተር ካቴድራል ያለው የአሩንደሉ ባላባት ሪቻርድ ፊዛለንና የሚስቱ የኤሌኖር መቃብር ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ1843 ሲጠገን የተያያዙት እጆች እንደገና ተሠርተዋል። ስለዚህ ከ1843 በፊት የተሠራ የዚህ መቃብር ሥዕል ካገኛችሁ፣ ጎብኚው ዛሬ ከሚያየው ድንጋይ በላይ የሚናገር ነገር ይዛችኋል።

ሠዓሊው ግን ሁልጊዜ ያየውን ብቻ አይሥልም። የተሰበረ አፍንጫ ይቀጥላል፣ የጠፋ ጣት ይሞላል። አንዳንዱ መቃብሩን ሳያይ ከሌላ ሰው ንድፍ ይቀዳል፤ ደግዴል ራሱ የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በ1641 ዊልያም ሴጅዊክ የተባለ ዓርማ ሠዓሊ አስከትሎ በየካቴድራሉ እየዞረ መቃብሮቹን አስነድፎ ነበር። የጎንት ሦስተኛ ሚስት ካትሪን ስዊንፎርድ የተቀበረችበት የሊንከን ካቴድራል መቃብር በ1644 ነሐሱ ተነቅሎ ሲወሰድ የቀረው ያ ንድፍ ነው። ሌሎች ደግሞ ለትክክለኛነት ሕይወታቸውን ከፍለዋል፤ የእንግሊዝን የመቃብር ምስሎች በጥንቃቄ በመሣል የሚታወቀው ቻርልስ ስቶታርድ በ1821 በዴቨን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመስኮት መስተዋት ሲቀዳ ከመሰላል ወድቆ ሞተ።

9. ከታወቀ ቅጂ ጋር አነጻጽሩ

የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ በነፃ በኢንተርኔት ይታያል፤ የሆላር ከሆነ ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ፊሸር ቤተ መጻሕፍት ሥራዎቹን በዲጂታል አስቀምጧል። በሟቹ ስም፣ በካቴድራሉ ስም፣ በቀራጩ ስም እየለወጣችሁ ፈልጉ። ስታገኙ የሰሌዳውን ስፋትና ቁመት በሚሊሜትር ለኩና ከተጻፈው ጋር አወዳድሩ። እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት አያስደነግጥ፤ አንድ ሳንቲሜትር ግን ሌላ ሰሌዳ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቦታ መርጣችሁ መስመር በመስመር ቁጠሩ፤ ለምሳሌ ጎንት መቃብር ላይ የተሰቀለው ጋሻ ጥላ ውስጥ ስንት ጭረት አለ? ቀጂ ቅርጹን ያስመስላል እንጂ የጭረት ቁጥር አያስመስልም።

በዚሁ መንገድ የአገራችንንም ነገር መመርመር ይቻላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1809 ያወጣው የአክሱም ሐውልት ሥዕል ተቀድቶ ተቀድቶ ያለቀ ነው።

10. ማስቀመጥ

ፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት አታስደርጉ። በበረኪና ወይም በሎሚ ነጠብጣቡን ለማንሣት አትሞክሩ፤ ነጠብጣቡ ይለቅና ወረቀቱ ይሞታል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር መጥረግ ይበቃል፣ ያውም ቀለሙ ላይ ሳይሆን ኅዳጉ ላይ።

ፍሬም ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ አሲድ የሌለበት ካርቶን ጠይቁ፤ ከፊት መስኮት የተቆረጠለት ካርቶን ይኑር፣ ኅትመቱ መስተዋቱን እንዳይነካ። ለመያዝ ከወረቀት የታጠፉ አራት የማዕዘን ኪሶች ካርቶኑ ላይ ተለጥፈው ኅትመቱ እዚያ ውስጥ ይግባ፤ በራሱ በኅትመቱ ላይ ሙጫ አያርፍም። ባለሙያዎች ከስንዴ ስታርች በተፈላ ሙጫና በቀጭን የጃፓን ወረቀት ከላይ ጠርዙ ብቻ ያንጠለጥሉታል፤ እጃችሁ እስኪለምድ ኪሱ ይሻላችኋል። ፀሐይ ከማይገባበት ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ወረቀት የሚፈቅዱት 50 ሉክስ ገደማ ነው፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ ሳሎን። የውጭ ግድግዳ አይሁን፤ አዲስ አበባ ክረምት ላይ እርጥበት ያመጣል። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ ደግሞ ኤሲ ቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አይሆንም።

የደረሳችሁበትን ኅትመቱ ላይ ሳይሆን ማኅደሩ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ አራቱን ዕድሜ ለየብቻ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ማስረጃውን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሟቾች፦ ጆን ኦቭ ጎንት 1399፣ ብላንሽ 1368፤ ከጋሻዎቹና ከጽሑፉ። መቃብሩ፦ 1370ዎቹ፤ በ1666 ተቃጥሏል። ሰሌዳው፦ ሆላር፣ ከ1658 በፊት፤ ከፊርማውና ከጭረት ቁጥሩ። ቅጠሉ፦ ባለ መስመር ወረቀት፣ የጣሪያው ጥላ የሳሳ፤ የ1716 እትም ይመስላል። የግራ ጠርዙ ላይ የስፌት ቀዳዳ አለ፣ ከመጽሐፍ የተቀደደ ነው። ሻጩ የነገረኝ፦ የ1658 ነው።»